የካሜራ ወንፈል፦ ሰው ያለ ክፍያ ፎቶ ሊነሣልን የሚስማማው መቼ ነው?

ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች ሁሉ፣ ከዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው እስከ ሚኒያፖሊስ፣ ከቶሮንቶ እስከ ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም፣ ካሜራ በትከሻው ያንጠለጠለ ወጣት አይጠፋም። የሥራ ቀኑን በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በሆስፒታል ያሳልፋል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ያነሣል። ከሠርጉ የሚያገኘው ገንዘብ የካሜራውን ዕዳ ይከፍልለት ይሆናል፤ የልቡን ግን አያደርስለትም። ልቡ የሚፈልገው የራሱን ሐሳብ በራሱ መንገድ የሚገልጽበት ፎቶ ነው። ለዚህም ፊቷን፣ ጊዜዋንና ትዕግሥቷን የምትሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። ለሞዴል የሚከፍለው ገንዘብ ግን የለውም።

"ማን ያለ ክፍያ ይነሣልኛል?" የሚለው ጥያቄ በየካፌው ሲነሣ እንሰማለን። የሚሰጠው መልስም አብዛኛውን ጊዜ "ጠይቅ፣ እምቢ ካሉህ ተወው" የሚል ነው። እኛ ግን ጥያቄው ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባዋል እንላለን።

"በፖለቲካ ዜና ገጽ ላይ የፎቶና የሞዴል ወሬ ምን አመጣው?" የሚል አንባቢ ሊኖር እንደሚችል እናውቃለን። ነገሩ ወዲህ ነው። ለመሆኑ የሰው ፊት የማን ነው? ማንስ ሊያትመው፣ ሊሸጠው ወይም ከመፈክር ሥር ሊለጥፈው ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች አገሩን ጥሎ ለተሰደደ ሰው የቅንጦት ጥያቄዎች አይደሉም። አንድ ፎቶ አገር ቤት የቀሩ ወላጆችን የሚያስጠይቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ካሜራ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ ስለ መተማመን ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ፎቶ አንሺውን በወንድ፣ ሞዴሏን በሴት ጾታ የጠራነው ለአጻጻፍ እንዲመቸን ነው። ተቃራኒው ሲሆንም ነገሩ ያው ነው።)

ወንፈል እንጂ ልመና አይደለም

በአገራችን ገጠር ያደገ ሰው ወንፈልን ያውቃል። ዛሬ እኔ የአንተን ማሳ አርማለሁ፤ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። ገንዘብ አይቆጠርም፤ ጉልበት ግን ይቆጠራል። የተቀበለውን ጉልበት ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ማሳውን ብቻውን ያርማል።

በፎቶግራፍ ዓለም ያለው አሠራርም ከዚህ ብዙ አይለይም። ፈረንጆቹ "ታይም ፎር ፕሪንትስ"፣ በአጭሩ ቲ.ኤፍ.ፒ. ይሉታል፤ ጊዜን በፎቶ መለወጥ ማለት ነው። በፊልም ዘመን ሞዴሏ ለሰጠችው ጊዜ በወረቀት የታጠቡ ፎቶዎች ትቀበልና በአልበሟ ይዛ ወደ ሞዴል ወኪሎችና ወደ ማስታወቂያ ሠሪዎች ትሄድባቸው ነበር። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ወረቀቱ በሲዲ ተተካ። ዛሬ ደግሞ ሲዲውም ቀርቶ ፋይሉ በኢንተርኔት ይላካል። ስሙና ዕቃው ተለዋወጠ እንጂ ውሉ አልተለወጠም።

እንግዲህ "በነፃ" የሚለው ቃል ራሱ አሳሳች ነው። ሞዴሏ በነፃ አልመጣችም፤ የምትፈልገው ነገር ስላለ ነው የመጣችው። የፎቶ አንሺው የመጀመሪያ ሥራም ይህ ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሞዴልነት የምትጀምር ልጅ ለወኪል የምታሳየው ፎቶ ያስፈልጋታል። ተዋናይት ከሆነች በቀላል ብርሃን የተነሣ፣ ማንነቷን የሚያሳይ የፊት ፎቶ ትፈልጋለች። ዘፋኝ ለዘፈኗ ሽፋን፣ የልብስ ዲዛይነር ለሥራዋ ማሳያ፣ አዲስ ተመራቂ ለሥራ ማመልከቻዋ የሚሆን ፎቶ ይፈልጋሉ። አንዲት እናት ደግሞ ለልጆቿ የሚቀር አንድ መልካም ፎቶ ብቻ ትፈልግ ይሆናል። ብዙ ፎቶ አንሺዎች "ሞዴል አጣሁ" የሚሉት የራሳቸውን ሐሳብ ብቻ ይዘው ስለሚሄዱ ነው። "እኔ ይህን ማንሣት እፈልጋለሁ፤ አንቺስ የትኛው ፎቶ ጎድሎሻል?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን መልስ አያጣም።

መጀመሪያ ሥራው ይናገር

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይላል ያገራችን ሰው። የሚታይ ሥራ ሳይዝ "ግሩም ፎቶ አነሣሻለሁ" የሚል ሰው ያለው ላም ይህችው የሰማይዋ ነች። ሞዴሏ ጥሪ ሲደርሳት በቅድሚያ የምታየው የሰውዬውን ካሜራ ዋጋ ሳይሆን ከዚህ በፊት ሰዎችን እንዴት እንዳነሣ ነው። መቶ የአበባና የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ከአሥር ጥሩ የሰው ፎቶ አይበልጥም።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ አሥር ፎቶዎች ከየት ይመጣሉ? ከቤት ይመጣሉ። ጋቢ ለብሰው መስኮት አጠገብ የሚቀመጡ አባት፣ ቡና የምትቆላ እኅት፣ ከሥራ የተመለሰ የቤት ተጋሪ፣ ሁሉም ጥሩ ፎቶ ይወጣቸዋል። ለምድ ያለው መንገድ ሌላም ነው፦ አንድ ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሞ ልምድ ላላት ሞዴል ለሁለት ሰዓት መክፈል። እንዲህ ያለችው ሞዴል እንዴት መቆም እንዳለባት ስለምታውቅ ጀማሪው ከእርሷ ይማራል፤ ከዚያ ቀን የሚያገኛቸው ፎቶዎችም ለሚቀጥሉት ጥሪዎች ምስክር ይሆኑለታል።

እኩያን መፈለግም ተገቢ ነው። በታላላቅ መጽሔቶች ላይ የወጣች ሞዴል ጀማሪ ፎቶ አንሺ ምንም አይጨምርላትም፤ ስለዚህ እምቢ ብትል ቂም የሚያስይዝ ነገር የለውም። እንደ እርሱ ጀማሪ የሆነችው ግን አብራው ታድጋለች።

የጠይም ፊትና የነጭ ነጠላ ነገር

የሐበሻ ሞዴሎችን ለመሳብ የሚፈልግ ፎቶ አንሺ አንድ ሙያ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ይኸውም የጠይምና የጥቁር ፊት ብርሃን ነው። ይህ ጉዳይ ታሪክ አለው። ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው "ሸርሊ ካርድ" የሚባለው የቀለም መመዘኛ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ብቻ ነበር። ቀለሙ በእርሷ ቆዳ ልክ ስለሚስተካከል የጥቁር ሰው ፊት ጨልሞ ወይም ዐመድ መስሎ መውጣቱ የተለመደ ነበር። ይህ የፊልም ዘመን ችግር ቢሆንም የዛሬው ካሜራም ባልሠለጠነ እጅ ያንኑ ስሕተት ይሠራል።

በእኛ ልብስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ልጅ ፊት ለፊት ስትቆም፣ ካሜራው የነጩን ብዛት አይቶ "ብርሃኑ በዛ" ይልና ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊቷ ይጠፋል። ፎቶ አንሺው ፊቷን ብቻ አይቶ ብርሃን ሲጨምር ደግሞ ነጠላው ይነድና የጥለቱ ጥበብ ይጠፋል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በቀትር ፀሐይ ከመሥራት ይልቅ ጥላ ሥር ወይም በመስኮት ብርሃን መሥራት፣ አለበለዚያም ማለዳን ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ የምትቃረብበትን ሰዓት መምረጥ ነው። ነጭ ካርቶን ወይም የብርሃን መመለሻ ከፊቷ በታች በኩል ቢያዝ የዓይኗ ሥር ይበራል። ካሜራውን ጥሬ ፋይል በሚያስቀረው አሠራር ላይ አድርጎ፣ የነጠላው ጥለት እንዳይጠፋ መጠኑን ወስኖ፣ ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር ማንሣት ይቻላል። ቆዳን እያነጡ "አሳመርኩልሽ" ማለት ግን ስድብ ነው። የራሷን መልክ አክብሮ የሚመልስላትን ፎቶ አንሺ ያገኘች ሞዴል ለጓደኞቿ ሳትናገር አትቀርም።

ጥሩ ሐሳብ ሞዴል እንደሚስብም መዘንጋት የለበትም። በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ፊታቸውን በቀለም በምታስውባቸው ሴቶች ፎቶ በዓለም ታውቃለች። ፎቶዎቿን ያየ ሰው እያንዳንዱ ቀለምና ልብስ አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑን ይረዳል። ጀማሪውም በአቅሙ እንዲሁ ማድረግ ይችላል። "እስቲ መጥተሽ እናያለን" ከሚል ጥሪ ይልቅ፣ ቦታውን፣ ልብሱንና የብርሃኑን ዓይነት የሚያሳዩ አምስት ስድስት የናሙና ምስሎች የያዘ ጥሪ ብዙ እጥፍ ይሰማል።

ሰው የት ይገኛል?

ሞዴል ማለት ረጅምና ቀጭን ልጅ ብቻ ማለት አይደለም። በማኅበረሰባችን ውስጥ ፎቶ የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የእስክስታ ቡድኖች፣ የቲያትር ክበቦች፣ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራት፣ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፉ እናቶች፣ ሹሩባ የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ሙሽራ የሚኩሉ ልጆች ሁሉ ሥራቸውን የሚያሳይ ፎቶ ይፈልጋሉ። ብልህ ፎቶ አንሺ ሞዴል ብቻዋን አይጠራም፤ ቡድን ያሰባስባል። ሹሩባ ሠሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋና ኳዪዋ ሲመጡ ሞዴሏ የምታገኘው ነገር ይበዛል፤ አራቱም ከአንድ ቀን ሥራ አራት የተለያየ ጥቅም ይዘው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ስብስብ ሌላም በጎነት አለው፦ ሞዴሏ ከማታውቀው ወንድ ጋር ብቻዋን አትሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በጁላይ መጀመሪያ ሰሞን በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ በዓል ላይ ከየከተማው የሚመጣውን ወጣት ያየ ሰው "የሚነሣ ሰው ጠፋ" ሊል አይችልም። በእንዲህ ያለው ቦታ የሚጠቅመው ግን ቴሌ ሌንስ ደቅኖ ከሩቅ መልቀም አይደለም። ቀርቦ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሥራውን በስልኩ አሳይቶ፣ አድራሻውን ትቶ መሄድ ነው። ካሰበችበት ራሷ ትደውላለች። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ለጸሎት የሚኬድባቸው ናቸውና ሞዴል መመልመያ ባይደረጉ መልካም ነው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል

የመጀመሪያው መልእክት ብዙ ነገር ይወስናል። "ቆንጆ"፣ "የኔ ማር"፣ "ሆዴ" ብሎ የሚጀምር መልእክት ገና ሳይነበብ ይጠፋል፤ መጥፋትም ይገባዋል። የማይተዋወቁ ሰዎች በእኛ ወግ "እርስዎ" ይባባላሉ። ስለ መልኳ ማውራት ሳይሆን ስለ ሥራው መናገር ነው የሚያስፈልገው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ቢባል ይበቃል፦

"ጤና ይስጥልኝ። ስሜ እገሌ ይባላል፤ በአሌክሳንድሪያ የምኖር ፎቶ አንሺ ነኝ። ሥራዎቼን በዚህ አድራሻ ማየት ይችላሉ። በመጪው ወር አንድ እሑድ ጠዋት፣ በአደባባይ መናፈሻ ውስጥ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል በባህል ልብስ ፎቶ ለማንሣት አስቤአለሁ። ሹሩባ የምትሠራ እኅትም አብራን ትሆናለች። ለሁለታችንም ማሳያ የሚሆን ሥራ ስለሆነ ክፍያ የለውም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር የተስተካከሉ ፎቶዎች እልክልዎታለሁ። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ በእኔ ነው። የሚፈልጉትን ሰው ይዘው መምጣት ይችላሉ። ከዚህ በፊት ያነሣኋቸውን ሰዎች መጠየቅ ቢፈልጉም አገናኝዎታለሁ። ካልተመቸዎት ምንም ቅር አይለኝም።"

ይህች አጭር ደብዳቤ የያዘቻቸውን ነገሮች ልብ ይበሉ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ልብስ፣ ማን አብሮ እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥ ተነግሯል። ክፍያ አለመኖሩ አልተደበቀም። እምቢ የማለት በርም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። መልስ ካልመጣ ደግሞ ደጋግሞ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ ዝምታም መልስ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

"ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ይባላል። ሴት ልጅ የማታውቀው ሰው ካሜራ ይዞ ሲጠራት ይህን ተረት ብታስታውስ ማን ይፈርድባታል? ጥርጣሬዋ ከመሬት የመነጨ አይደለም። በፍሎሪዳ ሁለት ሰዎች በሞዴልነት ስም ወጣት ሴቶችን እየጠሩ፣ በመጠጥ ውስጥ አደንዛዥ ነገር እየሰጡ ጥቃት ሲፈጽሙና ሲቀርጹ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዲሴምበር ላይ ጥፋተኛ ተብለው፣ በ2012 እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል። ከተጎጂዎቹ አንዷ፣ ሞዴሎችና ፎቶ አንሺዎች የሚገናኙበት "ሞዴል ሜይኸም" የተባለው ድረ ገጽ ባለቤት አደጋውን እያወቀ አላስጠነቀቀም ስትል ከስሳ ነበር። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 የኢንተርኔት ድርጅቶችን ከተጠያቂነት የሚከልለው ሕግ ይህን ክስ አያግደውም ሲል ወስኗል።

ስለዚህ ቅን የሆነው ፎቶ አንሺ "እኔን እንዴት ትጠረጥረኛለች?" ብሎ ከሚቀየም ይልቅ ጥርጣሬዋን የሚያስወግድ አሠራር ቢያበጅ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ትውውቅ ሰው በሚበዛበት ካፌ ይሁን። ጓደኛዋ ወይም ወንድሟ አብሮ ይምጣ። ልብስ የምትቀይርበት የሚዘጋ ክፍል ይኑር። የልብሱ ዓይነት አስቀድሞ ይወሰን፤ በዕለቱ "ትንሽ ገለጥ አድርጊው" የሚባል ነገር አይኑር። ነጠላዋ ቢዛነፍ "ቀኝ ትከሻሽ ላይ አስተካክይው" ብሎ መናገር እንጂ እጅ መስደድ አያስፈልግም። ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈርምና በቦታው ሳይገኝ ካሜራ አይከፈት። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሞዴሎችን ከሕፃናት ተዋንያን እኩል እንዲጠበቁ ሕግ ማውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። "አጃቢ ይዘሽ አትምጪ" የሚል ፎቶ አንሺ ካጋጠማት፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያብቃ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

በወረቀት ይስፈር

እኛ ኢትዮጵያውያን በወዳጅ መካከል ውል መጻፍ ያሳፍረናል። ጠብ የሚመጣው ግን ባልተጻፈው ነገር ነው። በአሜሪካ ሕግ የፎቶው የባለቤትነት መብት፣ ተቀጥሮ ካልሠራ በስተቀር፣ የፎቶ አንሺው ነው፤ በጽሑፍ ፈርሞ ካልሰጠ በቀር ለሌላ አይተላለፍም። ብዙ ሞዴሎች ይህን አያውቁትም። በሌላ በኩል ፎቶው የእርሱ መሆኑ ፊቷን እንደፈለገ ለንግድ እንዲያውል መብት አይሰጠውም። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ይህን አያውቁትም።

ይህ ልዩነት በሕግ የተጻፈው በዋዛ አይደለም። አቢጌል ሮበርሰን የተባለች የኒውዮርክ ወጣት ሳታውቅ ፎቶዋ በ25,000 የዱቄት ማስታወቂያ ወረቀቶች ላይ ታትሞ አገኘችው። ብትከስም የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1902፣ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ የሚደግፍሽ ሕግ የለም አላት። ሕዝቡ ተቆጣ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1903፣ የግዛቱ ምክር ቤት የማንም ሰው ምስል ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ለማስታወቂያና ለንግድ እንዳይውል የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በጀርመን የሆነውም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ቢስማርክ ሲሞት ሁለት ፎቶ አንሺዎች በሌሊት ወደ አስከሬኑ ክፍል ገብተው ፎቶ አነሡ። ይህን ተከትሎ የተነሣው ክርክር በ1907 ለወጣው ሕግ ምክንያት ሆነ። ሕጉ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራጭ ከደነገገ በኋላ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ሰውዬው ለመነሣቱ ክፍያ ከተቀበለ፣ በሚያጠራጥር ጊዜ እንደፈቀደ ይቆጠራል ይላል። ያለ ክፍያ በሚሠራበት ጊዜ እንግዲህ በዚህ ግምት መተማመን አይቻልም፤ በጀርመን ለሚኖር ፎቶ አንሺ የጽሑፍ ስምምነት እጅግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ካለ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመልከት። አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይቀርብ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለታወቁ ሰዎችና ባለሥልጣናት፣ ለፍትሕ ሥራና በአደባባይ ለተፈጸሙ ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል። አገራችን ይህን መብት ከስድሳ ዓመት በፊት ጽፋ ያስቀመጠችው ነው።

ስምምነቱ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። የሁለቱ ስምና ቀን፣ የፎቶዎቹ ብዛትና የሚላኩበት ቀን፣ እርሷ የት ልታወጣቸው እንደምትችል፣ እርሱ የት ሊያወጣቸው እንደሚችል፣ ለንግድ ቢፈለጉ እንደገና ተነጋግረው ገንዘቡን እንደሚካፈሉ ይጻፍ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው በመጣበት በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ መሥመር መጨመር አለበት፦ ፊቷ በኮምፒውተር ተመሳስሎ እንዳይሠራና ፎቶዎቹ ለዚህ ሥራ እንዳይሰጡ። በኒውዮርክ ከጁን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፋሽን ሠራተኞች ሕግ ለሞዴሎች ዲጂታል ቅጂ ግልጽ የሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ክፍያ የምትመጣው ልጅ ከደሞዝተኛዋ ያነሰ ክብር የሚገባት አይደለችም።

የስደተኛ ፊት

እስካሁን ያልነው ለማንም አገር ፎቶ አንሺ ይሠራል። አሁን የምንለው ግን በተለይ የእኛ ነው። ከመካከላችን የጥገኝነት ጥያቄዋ ገና ያልተወሰነላት አለች። ወንድሟ አገር ቤት የታሰረባት አለች። በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ አሠሪዋ ፎቶዋን ቢያይ ከሥራ የምትባረር አለች። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችማ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አንሥቶ ማውጣትን በእስራት ጭምር ይቀጣል። ስለዚህ ሐበሻን የሚያነሣ ፎቶ አንሺ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ መጠየቅ አለበት። ፊትሽ ይታይ? ስምሽ ይጠቀስ? ያለሽበት ከተማ ይታወቅ? ለአንዱ "አዎ" ያለች ለሌሎቹም "አዎ" አላለችም። ፊት ሳይታይ የሚያምር ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ እጅ፣ ሹሩባ፣ ከጀርባ የሚታይ የነጠላ አጣጣል ብዙ ይናገራል።

ሌላው የፖለቲካው ጉዳይ ነው፤ አንባቢዎቻችንን የሚመለከተውም ይኸው ነው። ዛሬ በጥበብ ቀሚስ ለማሳያ የተነሣች ልጅ፣ ነገ ፎቶዋን በአንድ ድርጅት የገቢ ማሰባሰቢያ ፖስተር ላይ ብታገኘው ምን ይሰማታል? ዓላማው ምንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ያልጠየቋትን ሰው ፊት የዓላማ መለዮ ማድረግ አይገባም። ሰላማዊ ሰልፍ ላይ በአደባባይ የተነሣ የዜና ፎቶ ሌላ ነው፤ በወንፈል የተነሣ ፎቶ ሌላ ነው። በጋዜጣ ዴስክ ላይ በቆየንባቸው ዓመታት ከተማርናቸው ነገሮች ዋነኛው፣ ፎቶ ከሥሩ በሚጻፈው መግለጫ ትርጉሙ እንደሚገለበጥ ነው። አንድ ፊት በአንድ መሥመር ጽሑፍ ጀግና ወይም ከሃዲ ሊባል ይችላል። ለሰው ነፃነት እንታገላለን የምንል ሰዎች በቅድሚያ የእኅታችንን ፊት ነፃነት ማክበር ይጠበቅብናል።

መክፈል ግድ የሚሆንበት ጊዜ

ወንፈል ወንፈል የሚሆነው ሁለቱም ወገን ጉልበቱን ሲያገኝ ነው። ሦስተኛ ሰው ገንዘብ የሚያገኝበት ከሆነ ነገሩ ተለወጠ። ለሬስቶራንት በራሪ ወረቀት፣ ለልብስ መደብር ማስታወቂያ፣ ለሚሸጥ የአዲስ ዓመት ካላንደር የሚነሣ ፎቶ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው። "መታወቂያ ይሆንሻል" የሚለው ቃል የቤት ኪራይ አይከፍልም። ፎቶ አንሺው ከመደብሩ ከተከፈለው ሞዴሏም ልትካፈል ይገባታል። መጀመሪያ በወንፈል የተነሣ ፎቶ በኋላ ገዢ ካገኘም እንዲሁ ነው። እኛ በስደት ጋዜጠኝነት የምንውል ሰዎች በነፃ መሥራት ምን እንደሚመስል ስለምናውቀው በዚህ ላይ ጠንክረን ብንናገር አይፈረድብንም።

በዕለቱና ከዚያ በኋላ

በቀጠሮው ቀን ፎቶ አንሺው ቀድሞ ይገኝ፤ "የሐበሻ ቀጠሮ" የሚለው ቀልድ እዚህ ቦታ የለውም። ባትሪው ሞልቶ፣ ቦታው ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ ተጣርቶ፣ ውኃና የሚቀመስ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። በመሐል በካሜራው ጀርባ ፎቶዎቹን ያሳያት፤ ራሷን ስታይ መጨናነቋ ይለቃታል። የደከማት መስሎ ከታየ ይረፉ። የተባለው ሁለት ሰዓት ሲሞላም ያብቃ።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚፈጸመው ግን ካሜራው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስንቱ ፎቶ አንሺ ነው "በሁለት ሳምንት" ብሎ ስድስት ወር ያቆየ! ለሞዴሏ የዘገየ ፎቶ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። ሥራ የሚበዛበት ሰው ከሆነ በማግሥቱ ሁለት ፎቶ ልኮ ቀሪውን በቀኑ ያድርስ። ከማውጣቱ በፊት ያሳያት፤ ይህኛው አይውጣ ካለች አያውጣው። ከዓመት በኋላ "ሕይወቴ ተለውጧልና ፎቶዬን አንሣልኝ" ብትለውም ሳይከራከር ያንሣላት። በአንድ ፎቶ የሚያጣው ነገር በመልካም ስም ከሚያገኘው ጋር አይወዳደርም።

ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የተደረገ ነገር እስከ ማታ ሲያትል ይደርሳል። ቃሉን የጠበቀ ፎቶ አንሺ ሁለተኛውን ሞዴል ራሱ አይፈልግም፤ የመጀመሪያዋ ታመጣለታለች። ሦስተኛዋን ሁለተኛዋ ታመጣለታለች። ቃሉን ያጠፈው ደግሞ ምንም ያህል ውድ ካሜራ ቢገዛ፣ ወንፈሉን እንዳልመለሰው ገበሬ፣ ማሳው ላይ ብቻውን ይቀራል። ካሜራ ያላችሁ ልጆቻችን ሆይ፣ ፊቱን በአደራ የሰጣችሁን ሰው አደራ ጠብቁ።

ቸር ይግጠመን።